ቀላል የብቅል ዊስኪ እንዴት ተቀምሶ ይመዘናል?

ከስኮትላንድ የሚመጣው «ሲንግል ሞልት» ዊስኪ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ሳይመረምሩ በሣጥን መግዛት ገንዘብን ማሰር፥ ደንበኛንም ማስቀየም ነው። ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ቢመዝን ይጠቀማል።

ይህ መጠጥ ከገብስ ብቅል በአንድ ማውጫ ቤት ብቻ፥ በመዳብ ጋን የሚወጣ ነው። በአገሩ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል መቀመጥ፥ አልኮሉም ከመቶ 40 እጅ ማነስ የለበትም። ቀላል የሚባለው ጭሱና የበርሜሉ ጠረን ያልከበደበት ነው። አብዛኛው 2 ጊዜ ሲወጣ፥ ከግላስጎ አጠገብ የሚሠራው ኦከንቶሸን ግን 3 ጊዜ ስለሚወጣ ለስላሳ ይሆናል።

አረቄን በአቃጣይነቱ መመዘን የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ዊስኪ «ደካማ ነው» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ይህ ስሕተት ነው፤ የቀላል ዊስኪ ዋጋ በማቃጠሉ ሳይሆን በጠረኑ ጥራት ይታወቃልና።

የመቅመሻው ቦታም መመረጥ አለበት። በነገሌ ቦረናና በሊበን ቆላ ከተሞች የዕጣንና የከርቤ ጆንያ በተከመረበት መጋዘን፥ ወይም ቡና እየተቆላ ባለበት ቤት ውስጥ፥ ስስ ጠረን ሊለይ አይችልም። ሽቶ መቀባትና ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ ያሰናክላል።

አፉ ጠበብ ባለ ንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ይቀዳል። በመልኩ አይፈረድም፤ ሕጉ በተቃጠለ ስኳር ማቅለምን ይፈቅዳልና። ከዚያም አፍን ከፈት አድርጎ በቀስታ ማሽተት ነው። መልካሙ ቀላል ዊስኪ የገብስ፥ የማር፥ የሎሚ ልጣጭ ወይም የትኩስ ሣር ጠረን ይሰጣል። የቦረና የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ ሲታጠን የሚያውቅ ነጋዴ የጭስን ጠረን ለመለየት አይቸገርም፤ በቀላሉ ዊስኪ ጭሱ ከበዛ፥ ዐይነቱ ሌላ ነው። የሻገተ ቡሽ ወይም የእርጥብ ካርቶን ሽታ ግን ጉድለት ነው።

ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውሃ ተጨምሮ እንደገና ይሸተታል፤ ውሃው የታመቀውን ጠረን ይገልጣል። በመጨረሻ ጥቂት ጕንጭ በምላስ ላይ ይንሸራሸራል፤ መጠጣት የማይሻ ሊተፋው ይችላል። ጣዕሙ ሳይመርር ጥቂት ከቈየ የሚመሰገን ነው።

በመለያው ላይ የተጻፈው ዕድሜ በጠርሙሱ ካለው ሁሉ የታናሹ ነው። ዊስኪ በጠርሙስ ውስጥ ስለማይበስል፥ እያስረጁ ጥራት መጠበቅ ከንቱ ነው። ይልቁንም ጠርሙሱ ቆሞ፥ ከፀሐይና ከቆላ ሙቀት ተጠብቆ ይቀመጥ፤ ቢጋደም አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል፥ የተመረጠውም ጠረን ይበላሻል።