የሚደበቀው ሕመም ሕክምና አለው

የዋጓ የሰቆጣ ስም በመላ አገሪቱ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከሕፃናት ምግብ ጋር ነው። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። ስለ መቀንጨር ሲወራ የሚታሰበን የሕፃኑ ቁመትና ክብደት ነው። ያቺ የቀነጨረች ሕፃን አድጋ ለመውለድ ስታምጥ የሚገጥማት ነገር ግን ብዙ አይነሳም። በልጅነቷ ምግብ የጎደላት ሴት የዳሌ አጥንቷም በቅጡ ሳይሰፋ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ያለ ዕድሜዋ ከተዳረች የፅንሱ ጭንቅላት በዳሌዋ አላልፍ ብሎ ምጡ ቀናት ይፈጃል።

በዋግ ከዝቋላ ወይም ከሰሃላ ቆላ፣ ከደሃና ወይም ከጋዝጊብላ ተራራ ምጥ የጠናባትን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ መጀመሪያ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ መሸከም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሰዓት ሲያልፍ የፅንሱ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከዳሌዋ የፊት አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ተቀርፎ ሲወድቅ ቀዳዳ ይተዋል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ አይተርፍም፤ እናቲቱ ደግሞ ሌትና ቀን ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይፈሳል።

ፊስቱላ ከሁሉም የከፋው ቢሆንም የሴቶች የሽንትና የማህፀን ችግር በእሱ ብቻ አያበቃም። ከእሱ በእጅጉ የሚበዙት ማህፀናቸው ወደ ታች የወረደባቸው፣ ሲያስሉ ወይም ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ሽንት ሲመጣባቸው ደጅ እስኪወጡ እንኳ የማይታገሳቸው ሴቶች ናቸው። የዳሌ ወለል ከፊት አጥንቱ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ የጡንቻና የጅማት ንጣፍ ሲሆን ፊኛውን፣ ማህፀኑንና አንጀቱን ከታች ይሸከማል። እንደ አልጋ ጠፍር ነው፤ ሲላላ መሐሉ ይረግባል። የሚያላላው በተለይ ተደጋጋሚ ወሊድና የተራዘመ ምጥ ነው፤ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ይጨመሩበታል፤ ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ክርስትና ሳይደርስ ከአራስ ቤት ወጥታ ይህን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ሊያገግም ጊዜ በሚፈልግ ጡንቻ ላይ ነው የምትጭነው።

ሕመሙ ይደበቃል። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ማኅበር ትቀራለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳም ከቅጥሩ ውጪ ትቆማለች። ጠረኑን ለመቀነስ ብላ ውኃ መጠጣት ታቆማለች፤ ይህ ግን ይጎዳታል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፣ ጠረኑን ያባብሳል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

ሕክምናው የሚለየው በሕመሙ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ይገባል። ሽንቱ የሚፈሰው ሳያቋርጥ ነው? የጀመረው ከከባድ ምጥ በኋላ ነው? ሲያስሉ ብቻ ያመልጣል? ማታ ማታ ወደ ታች የሚጫን፣ ሲተኙ ግን የሚመለስ ነገር አለ? እነዚህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ልትጠይቃቸው ትችላለች።

ሲያስሉ ለሚያመልጥ ሽንትና ብዙ ላልወረደ ማህፀን የመጀመሪያው ሕክምና ገንዘብ አይጠይቅም። ሽንትና ፈስ በአንድ ጊዜ ሊያመልጥ ሲል እንደሚያዘው አድርጎ ጡንቻውን ወደ ላይ መሳብ ነው። ሆድና መቀመጫ አይጨመቅም፤ ትንፋሽም አይያዝም። ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ ያህሉን ማረፍ፣ ይህንን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መድገም፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ቡና እየቆሉም ይሠራል፤ ማንም አያይም። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉትም በዚህ ምክንያት ነው። ድንገት እያጣደፈ ለሚመጣ ሽንት ደግሞ ፊኛውን ማስለመድ ይረዳል፤ በየሰዓቱ የሚሸና ሰው ጊዜውን በ15 ደቂቃ እያራዘመ ይሄዳል፣ ቡናና ሻይ ይቀንሳል። ካልበቃ መድኃኒት አለው።

ማህፀኑ ዝቅ ብሎ ለወረደባት ሴት ፔሰሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት አለ። ባለሙያው መርምሮ በልኳ ይመርጥና በብልቷ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ትቁም፣ ታስል፣ ቁጢጥ ትበል፣ ሽንቷንም ትሽና። ልኩ ከሆነ አይወድቅም፤ መኖሩም አይታወቃትም። ብዙ ሴቶች ራሳቸው አውጥተው በውኃና በሳሙና አጥበው መመለስን ይለምዳሉ። ያልቻለች በየጥቂት ወሩ ለክትትል መመለስ አለባት፤ ቀለበቱ ተረስቶ ከቆየ ሥጋውን ያቆስላል። እንደ ዋግ መንገድ ለሚከብድበት አገር ይህ ቀለበት ትልቅ እፎይታ ነው እላለሁ፤ ግን የሚከታተል ባለሙያ በቅርብ ጤና ጣቢያ ከሌለ መስጠቱን አልደግፍም።

ጨርሶ ለወጣ ማህፀን ቀዶ ሕክምና አለ። ማህፀኑን በብልት በኩል አውጥቶ የቀረውን በራሷ ጅማት ማንጠልጠል ወይም የላላውን ግድግዳ መስፋት ይቻላል። የላላውን ለመደገፍ በብልት በኩል የሚገባው ሰው ሠራሽ መረብ ግን በብዙ ሴቶች ላይ ጉዳት በማድረሱ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለማህፀን መውረድ እንዳይሸጥ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አዟል።

ፊስቱላ ግን በእንቅስቃሴም በቀለበትም አይደፈንም። ቶሎ ከታወቀና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ካቴተር ገብቶ ፊኛው ለሳምንታት ባዶ ሆኖ ሲያርፍ ራሱ ሊገጥም ይችላል። ካለፈ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሠለጠነ እጅ ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማ ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ስላሉ ክትትሉ መቀጠል አለበት፤ ቀጣዩ ወሊድም በኦፕራሲዮን መሆን ይኖርበታል።

የፊስቱላ ሕክምናን በአገራችን የተከሉት በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ናቸው። ዶክተር ካትሪን በ96 ዓመታቸው መጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሆስፒታላቸው ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዷ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይማሩ ቀዶ ሕክምናውን ተምረው ብዙ ሴቶችን አድነዋል። የሃምሊን ሆስፒታል ባሕር ዳርና መቀሌ ማእከል አለው፤ ሕክምናውም በነፃ ነው፣ የከፋ የማህፀን መውጣትንም ይጨምራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ያክማል። የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ከመቀሌ ሲቆርጠው የሴቶቹ አንዱ በር ተዘጋ፤ ይህ ጉዳት ከተቆጠሩት የጦርነቱ ኪሳራዎች መካከል ሲጠቀስ አልሰማሁም።

ሽንቷ ወይም ማህፀኗ የሚያስቸግራት ሴት ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትንገር፤ ወይም ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመርና ወዴት እንደምትላክ ትጠይቅ። ባሎችም አብራችሁ ሂዱ። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰች ሴት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም፤ በእነዚያ ሳምንታት ውኃውን እናንተ ቅዱ።