ቦርጭ ያመጣውን ዕዳ እንክብል ይከፍለዋል?

ሰቆጣ በአገር አቀፍ ደረጃ ስሟ የሚነሳው ከምግብ እጥረት ጋር ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተሰይሟል። የዋግ ኽምራ ደገኛ ፍየሉን እየነዳ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ወጥቶና ወርዶ ነው ገበያ የሚደርሰው። የዋግን ማርና ፍየል፣ የአበርገሌን ዕጣን የሚገዛው የከተማ ነጋዴ ግን ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና ሲል ይመሽበታል። የዚያኛው ችግር ማጣት፣ የዚህኛው ቦርጭ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት።

ቦርጭ ከስኳርና ከደም ግፊት ሌላ ወንዶች በግልጽ የማናወራው ጣጣ አለው፤ የፕሮስቴት ዕጢ። ይህ ዕጢ ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን ከብቦ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ያድጋል። ያን ጊዜ ሌሊት ደጋግሞ ከአልጋ ያስነሳል፤ ሽንትም ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል። ዕድሜ ደገኛም ከተሜም አይልም። ውፍረት ግን ነገሩን ያባብሰዋል። የሆድ ስብ የወንዱን ሆርሞን በከፊል ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል፣ ኢንሱሊንንም ያንራል።

የእንክብል ነጋዴው ብቅ የሚለው እዚህ ላይ ነው። «ከዕፅዋት የተሠራ ነው» ይላል። እስቲ ሒሳቡን እንመርምር።

በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው የአሜሪካው ዘንባባ፣ ሳው ፓልሜቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነ ጥናት 225 ወንዶች ለአንድ ዓመት ተፈተኑ፤ እንክብሉን የዋጡት ባዶውን ከዋጡት የተለየ ጥቅም አላገኙም። በ2011 በ369 ወንዶች ላይ መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ቢጨመርም ውጤቱ ያው ሆነ።

ሁለተኛው በአገራችን ደጋ ደኖችም የሚበቅለው ጥቁር እንጨት ነው። ቅርፊቱ በአውሮፓ ለዚሁ ሕመም ለዓመታት ሲሸጥ ቆይቷል። 1,562 ወንዶች የተካፈሉባቸው 18 ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ የተወሰነ ፋታ እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ይሁንና ጥናቶቹ አጫጭር ነበሩ። ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ይደርቃል። በዚህ የተነሳ ዛፉ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ነው። ቅርፊት ገፍፎ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ካለ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሦስተኛው ዋጋ የማይወጣበት ነው፤ መራመድ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሰዓት የሚራመዱ ወንዶች በዕጢው ማደግ የመቸገር ዕድላቸው 25 በመቶ ያነሰ ነበር። ግንኙነት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም መራመድ ቦርጭን፣ ስኳርንና ግፊትን በአንድነት ለመቀነስ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። መርካቶን ለሚያውቅ ደላላ ይህ ብዙ አይደለም፤ መኪናውን ራቅ አድርጎ ማቆም ብቻ ይበቃዋል።

ለአስመጪው አንድ ቃል እንጨምር። ማሟያ እንክብል የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ደጃፍ ሳይረግጥ መደርደሪያ ላይ የሚወጣ ዕቃ አይደለም። የዋግ ማርና ዕጣንም የራሳቸው ገበያ አላቸው፤ ያልተፈተነ «የፕሮስቴት መድኃኒት» የሚል ወረቀት ቢለጠፍባቸው ለጊዜው ዋጋ ቢያወጡ እንጂ ስማቸውን ያጠፋል።

ሽንቱ ደም የቀላቀለ ወይም ጨርሶ እምቢ ያለው ሰው ደግሞ ከእንክብል ሻጭ ጋር ዋጋ አይከራከር፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።