ከክሩስኮቱ ጀርባ

ቀረብ በሉ፤ አለቃዬ እንዳይሰማ ነው። ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ፣ መኪና በሪሞት የሚያስነሳ ዕቃ እገጥማለሁ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ሰሞን ሐበሻው ይጎርፋል፤ አብዛኛው ሳይነጋ ኤርፖርት መድረስ ያለበት ሾፌር ነው።

ያለ ሪሞት መላው አንድ ነው፤ ቁልፍ ሰክቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ መኪናው እስኪሞቅ ቤት ገብቶ ሻይ ፉት ማለት። የኮሎራዶ ፖሊስ ይህን «ፓፊንግ» ይለዋል፤ ያስቀጣል፣ ሌባም ይወደዋል። በ2016 ሕጉ ሲሻሻል በሪሞት የሚነሳ መኪና ከክልከላው ወጣ። ለእኛ ለገጣሚዎች ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

ደንበኛ ገና ሲገባ «የትኛው ማርካ ይሻላል?» ይለኛል። ቫይፐር፣ ክሊፎርድ፣ ፓይተን፣ አቪታል መደርደሪያ ላይ ተፎካካሪ ይመስላሉ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የዳይሬክትድ። ዳይሬክትድን ደግሞ በ2020 የኮድ አላርም ባለቤት ቮክስ ገዛው። በማርካ ክርክር አትድከሙ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀትም አትመኑት፤ ምንም በማይከልለው ሜዳ ላይ የሚገኝ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መኪናው መነሳቱን መልሶ የሚነግረውን ሪሞት ይግዛ። በስልክ የሚሠራው ደስ ይላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ይከፈልበታል። በ2022 የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች 3ጂን ሲዘጉ፣ በዚያ ብቻ የሚሠሩት ዕቃዎች ከስልኩ ጋር መነጋገራቸው አበቃ።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የዘመኑ ቁልፍ ፕላስቲኩ ውስጥ ቺፕ አለበት፤ መኪናው ቺፑን ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። በሪሞት ስታስነሱ ቁልፉ ሳሎን፣ እናንተ አልጋ ላይ ናችሁ። ስለዚህ መኪናውን «ባለቤቱ ነው፣ ተነስ» ብሎ የሚያሳምን ሞጁል ያስፈልጋል። ርካሹ ማስታወቂያ የማይነግራችሁ ይህንን ነው። የሞጁሉን ዋጋ የምትሰሙት ክሩስኮቱ ተፈትቶ ወንበር ላይ ከተዘረጋ በኋላ ነው፤ ያኔ ማን «ይቅርብኝ» ይላል?

የባሰም አለ። አንድ አዛውንት ሌላ ቦታ ያስገጠሙትን መኪና ይዘው መጡ፤ ሪሞቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን ስፈታ በናስትሮ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ።

«ጋሼ፣ ትርፉ ቁልፍዎ የት ነው?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ያ ገጣሚ ለሥራ ያስፈልጋል ብሎ ወስዶ አልመለሰልኝም።»

ናስትሮውን ላጥኩና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሰውየው ሞጁል ላለመግዛት ቁልፋቸውን እዚያው ቀብሮታል። ቺፑ ቀንና ሌሊት ከአንባቢው አጠገብ ሲውል ደግሞ የመኪናው መከላከያ ለማንም የተከፈተ ነው፤ ሌባ መሪውን መስበር ብቻ ነው የሚቀረው። በአንድ ወቅት ቁልፍ መደበቅ የተለመደ አሠራር ነበር፤ ዛሬ ለአብዛኛው መኪና ሞጁል እያለ ማድረግ ስንፍና ነው።

እና ስትመጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ሞጁሉን ይጨምራል? ሽቦዬን ትቆርጣለህ ወይስ በራሱ ሶኬት የሚሰካ አለህ? ሁለተኛውን ሲሰማ የገጣሚው ፊት ከተለወጠ ሌላ ቤት ሂዱ። ማንዋል ማርሽ የምትነዱ ደግሞ፣ መኪናው ፎሌ ላይ መቆሙን ሳያረጋግጥ የሚነሳ ዕቃ ማንም እንዳይገጥምላችሁ፤ ማርሽ ውስጥ እያለ ከተነሳ ከፊቱ ያለውን ገጭቶ ነው የሚቆመው። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘበት ሰውም፣ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ፣ እዚያ ውስጥ አያስነሳ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ይዞ ልጆቹ ወደተኙበት ይገባል።

አሁን ደግሞ አለቃዬ የሚጠላውን ልንገራችሁ። የኮፈን ስዊች የሚባል ትንሽ ነገር አለ፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ በሪሞት እንዳይነሳ ይከለክላል። ሥራ ሲበዛ ብዙዎቻችን የምንዘለው እሱን ነው፤ መካኒኩ እጁን የሞተሩ ቀበቶ ላይ አድርጎ እያለ ልጃችሁ ቤት ውስጥ በሪሞቱ ሲጫወት አስቡት። መኪናችሁን ልትረከቡ ስትመጡ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ሪሞቱን ተጫኑ። ከተነሳ ቁልፉን መልሱልን።