የሌሊት ወፍ፦ በጆሮዋ የምታድን

የሌሊት ወፍ ዓይነ ስውር ናት የሚለው ወሬ በብዙ አገር ይነገራል፤ ሐሰት ነው። የሌሊት ወፎች ሁሉ ዓይን አላቸው፣ ያያሉም። ፍራፍሬ በሊታዎቹማ በጨረቃ ብርሃን ብቻ የበሰለ ሾላ ለይተው የሚያርፉ ናቸው። ዓይን ምንም በማይረዳበት ድቅድቅ ጨለማ ግን፣ ነፍሳት የሚያድኑት ዝርያዎች የሚተማመኑት በጆሯቸው ነው። ሰው ይህን እስኪያረጋግጥ አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ነገሩን የጀመረው ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና ተመራማሪ ነው። በ1793 (እ.ኤ.አ.) ሻማው በጠፋ ክፍል ውስጥ ጉጉት ሲለቅ ጉጉቷ ከግድግዳ ጋር ተላተመች። የሌሊት ወፎቹ ግን፣ ዓይናቸው ከጠፋም በኋላ፣ ምንም ሳይነኩ በረሩ። ብዙም ሳይቆይ ሉዊ ዡሪን የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ጆሯቸውን ሲደፍነው በየዕቃው ይጋጩ ጀመር። ያኔ ብዙዎች አላመኑም፤ ድምፅ የማይሰማባት ፍጥረት እንዴት በጆሮዋ መንገድ ታገኛለች? መልሱ የመጣው በ1938 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሃርቫርድ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ግሪፊን የሌሊት ወፎቹን ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደሚያደምጥ መሣሪያ ፊት ሲያመጣቸው፣ ዝም ያሉ የመሰሉት እንስሳት ለካ ሲጮኹ ኖረዋል።

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። የአብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ጩኸት ከዚያ በላይ ነው። ጩኸቱ ዛፍ፣ ግድግዳ ወይም ትንኝ መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ፣ የሌሊት ወፏ በመካከል ካለፈው ቅጽበት ርቀቱን፣ ከድምፁ ለውጥ ደግሞ የነገሩን መጠንና እንቅስቃሴ ታውቃለች። ዝም ብላ ስትቃኝ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ትጮኻለች፤ ምግቧን ስትቃረብ ቁጥሩ ወደ 200 ሊደርስ ይችላል። ጩኸቱ ከአፏ ሲወጣ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ የራሷን ጆሮ እንዳያደነቁራት፣ በጆሮዋ ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ በጮኸች ቁጥር ትኮማተርና ወዲያው ትላላለች፤ ማሚቶው ሲመለስ ጆሮዋ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ታዳኙም እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ብዙ የእሳት እራት ዝርያዎች ይህን ጩኸት የሚሰማ ጆሮ አላቸው፤ ሲሰሙ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ድንጋይ ወደ መሬት ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ የራሳቸውን ጩኸት እያሰሙ የአዳኟን ማሚቶ ያበላሹባታል።

አካሏም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ከአጥቢዎች ሁሉ በራሷ ክንፍ የምትበር እሷ ብቻ ናት። ክንፉ እጅ ነው፤ አራቱ ጣቶች ረዝመው በመካከላቸው ስስ ቆዳ ተወጥሯል፣ አውራ ጣቷ ብቻ ነጻ ወጥታ መቆናጠጫ ሆናለች። ተዘቅዝቃ ስትሰቀልም ኃይል አታወጣም፤ የራሷ ክብደት የእግሯን ጅማት ስቦ ጥፍሮቿን ይቆልፋቸዋል። ስለዚህ ተኝታም አትወድቅም። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ ከአጥቢ እንስሳት ዝርያ አንድ አምስተኛው ማለት ነው። ከሁሉም ትንሿ በታይላንድና በማያንማር የምትኖር ስትሆን ክብደቷ 2 ግራም ነው።

ኢትዮጵያም ድርሻዋ ትንሽ አይደለም። በባሌ ደጋ የምትገኝ ጆሮ ረጅም ዝርያ በሳይንስ የተመዘገበችው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በሶፍ ዑመር ዋሻም የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ለገበሬው ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ነፍሳት በሊታዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ትንኝ፣ ጥንዚዛና የእሳት እራት ይለቅማሉ። ፍራፍሬ በሊታዎቹ ደግሞ የሾላና የዋርካ ዘር በሆዳቸው ይዘው እየበረሩ በኩሳቸው ይዘራሉ፤ ነጭ አበባውን በሌሊት የሚከፍተው የባኦባብ ዛፍም የአበባ ብናኙን ከዛፍ ዛፍ ለማድረስ በእነሱ ይረዳል።

በመንጋ ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሰላማዊ አይምሰላችሁ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእኛም አገር የምትገኘውን የግብፅ ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ድምፅ ለወራት ቀርጸው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አወጡ። ጫጫታው በአብዛኛው ጭቅጭቅ ነበር፦ ስለ ምግብ፣ ስለ መኝታ ቦታ፣ አለመጠን ተጠግቶ ስለ ተቀመጠ ጎረቤት፣ ስላልተፈለገ ወንድ። ከድምፁ ብቻ ማን እንደሚጮኽ መለየት ተችሏል፣ በማን ላይ እንደሚጮኽም በከፊል። በጋራ ግቢ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ብዙ አያስደንቀውም።

ደም መጣጮቹስ? አሉ፤ ሦስት ዝርያ ብቻ ናቸው፣ የሚኖሩትም በላቲን አሜሪካ ነው። ሁለት ሦስት ሌሊት ያልበላች ትሞታለች። ስለዚህ የጠገበችው ለተራበችው ጓደኛዋ ደም ታስታውክላታለች፤ ይህን ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታሪካ አጥንቶ በ1984 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። አፍሪካ ውስጥ ደም የምትመጥ የሌሊት ወፍ የለችም።

የሌሊት ወፍ በሽታ ታመጣለች የሚለው ፍርሃት ግን መሠረት አለው። ለሰው አደገኛ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ የሚኖረው በዚያችው በግብፅ ፍራፍሬ በሊታዋ ውስጥ ነው፤ እሷን ብዙም አያሳምማትም። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጂንካ ላይ የበሽታው መከሰት በይፋ ሲነገር ብዙ ሰው «ለምን አይጨርሷቸውም?» ብሎ ይሆናል። ኡጋንዳ ውስጥ ተሞክሯል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የኪታካ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ በማውጫው ውስጥ የነበሩት የሌሊት ወፎች እንዲጠፉ ተደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች መጥተው ሰፈሩበት፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው በሽታው እንደገና ተነሣ፤ ተመራማሪዎች ሲመረምሩም ቫይረሱን የተሸከሙት የሌሊት ወፎች ድርሻ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት።

እነሱን ላለመፍጀት ሌላም ምክንያት አለ። የሌሊት ወፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ልጅ ብቻ ታሳድጋለች፤ ይህን የምታካክሰው በረጅም ዕድሜዋ ነው። በሳይቤሪያ ምልክት የተደረገባት አንዲት ጥቂት ግራም የምትመዝን የሌሊት ወፍ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች። አይጥ ቢገደል በወራት ይተካል፤ የሌሊት ወፍ መንጋ ከተጨፈጨፈ ግን ለማገገም ዘመን ይፈጅበታል።

እንግዲህ የሌሊት ወፍ ቤት ብትገባባችሁ አትደንግጡ፤ መብራቱን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ራሷ ትወጣለች። በባዶ እጅ አትንኩ። ግማሹ የተበላ የሚመስል ፍሬ አትብሉ፤ የሚኖሩበት ዋሻም ያለ መከላከያ አትግቡ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በንክሻ ወይም በጭረት ሊተላለፍ የሚችለው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒቱ አይደርስም።