ስለ ማስቲሽ ለልጆቻችን ምን እንበላቸው?

ኮኬይን የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በቦሊቪያ ከሚበቅል ኮካ ከሚሉት ተክል ቅጠል ይወጣል። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ እንዲህ ያለውን ዕፅ ይከለክላል። ዋጋውም እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ከገጠር ወጥቶ ሐዋሳ ውስጥ ሊስትሮ ለሚሠራ ልጅ ቶሎ የሚደርሰው ኮኬይን ሳይሆን ማስቲሽ ነው።

ለመሆኑ ማስቲሽ ምንድነው? ጫማ ሰፊ ሶል የሚያጣብቅበት ሙጫ ነዋ! በሐዋሳም ሆነ በአዲስ አበባ በረንዳ ከሚያድሩት ልጆች አንዳንዶቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም በፌስታል ያደርጉትና ሽታውን ይስባሉ። ለምን ይስባሉ ቢባል፣ ብርዱንና ረሃቡን ስለሚያስረሳቸው ነው። ይህ እውነት ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ያስረሳል እንጂ አያጠግብም። ስካሩ ሲበርድ ሆድ ያው ባዶ ነው፤ ልጁም እንደገና ይስባል።

ጉዳቱን እንዲህ አድርገን እንየው። ቅባት የነካው ልብስ በቤንዚን ሲታሽ ቅባቱ ይለቃል። በማስቲሽ ውስጥም ቶሉይን የሚባል ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ይገኛል። ሽታው በሳንባ ገብቶ ከደም ጋር ወዲያው አንጎል ይደርሳል። የአንጎላችንና የጅማታችን ሽፋን ደግሞ ቅባት የበዛበት ነው። ለብዙ ጊዜ የሳበ ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አካሄዱ ይበላሻል፣ የተማረው አይያዝለትም። ልብንም ይነካል። ሽታውን ገና የሳበ ልጅ ደንግጦ ሲሮጥ ልቡ ቀጥ ብሎ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልጅ ዱላ ይዞ ማባረር ማዳን አይደለም፤ ይልቅስ ሊገድለው ይችላል።

ልጁን መምከር ከተማ ሳይሄድ በፊት ነው። «አንዴ ብታሸተው ትሞታለህ» ብሎ ማስፈራራት ግን አይጠቅምም። አንዴ የሳበ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሞትም። ልጁ ጓደኛው ስቦ ሲስቅ ያየዋል። ያን ጊዜ «አባባ ዋሽቶኛል» ይልና ሌላውንም ምክር ይጥላል። እንዳለ ብንነግረው ይሻላል፦ «ብርዱን ያስረሳሃል፤ አንጎልህን ግን ይበላዋል። ጓደኞችህ እንካ ቢሉህ፣ ሥራ አለብኝ ብለህ ሂድ። ከቸገረህ ወደ ቤት ተመለስ፤ አንቆጣህም።» አንቆጣህም ካልን ደግሞ አለመቆጣት ነው። ዱላ የሚጠብቀው ልጅ በረንዳውን ይመርጣል።

የጫትም ነገር ያው ነው። ወንዶ ገነት የሚበቅለው ጫት ለብዙ ገበሬ የገቢ ምንጭ መሆኑን እናውቃለን፤ አትሽጡ አላልንም። ግን አባት ጉንጩን ወጥሮ «ልጄ፣ አትቃም» ቢል ማን ይሰማዋል?

ማስቲሽ ስቦ የወደቀ ልጅ ብታገኙ ፌስታሉን ከፊቱ አንሱ፤ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት። እሳትና ሲጋራ አታቅርቡ፣ ይቀጣጠላልና። ትንፋሽ ካለው በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ውኃም ወተትም አትጨምሩ፤ ትን ይለዋል። ሳትጮኹበት ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።