ድምፅ ብርሃንን ስለ ማዘዙ

በሩጫ ብርሃንን የሚቀድም ፍጥረት የለም። ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ከ340 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህ ዘገምተኛ ያንን ፈጣን ያዝዘዋል ቢሉን ተረት ይመስለናል፤ ነገር ግን እውነት ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

የነገሩ መነሻ ቀደም ያለ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ሌዎን ብሪዩዌን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፣ ድምፅ በአንድ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ያንን ነገር በተራ እያጠበቀና እያላላ ይሄዳልና፣ ብርሃን በዚያ ቢያልፍ ከመንገዱ ዘወር ይላል ብሎ አስቀድሞ ተናገረ። በ1932 ደባይና ሲርስ በአሜሪካ፣ ሉካና ቢካር በፈረንሳይ አገር በፈሳሽ ውስጥ ፈትነው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ብልሃት የተሠሩ መሣሪያዎች ሌዘር የተባለውን ብርሃን ለማብራት፣ ለማጥፋትና ለማዞር አገልግለዋል። ጉድለታቸው ግን፣ ድምፅ ነገርን የሚያንቀሳቅሰው እጅግ በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ ለውጡ እንዲጠራቀም ብርሃኑ በክሪስታሉ ውስጥ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መሣሪያው ይወፍራል፤ በዓይን መነጽር ላይ ሊያርፍ አይመችም።

በ2017 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን 2025፣ በአሜሪካ በእስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማርክ ብሮንገርስማ የሚመሩ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ገለጹ። የወርቅ መስተዋትን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር በሆነ ጎማ መሰል ልባስ ሸፈኑት፤ ከልባሱም በላይ እያንዳንዳቸው 100 ናኖሜትር የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች አኖሩ። (ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል ነው፤ የጠጉር ውፍረት ከዚያ ቅንጣት ብዙ መቶ ጊዜ ይበልጣል።) ብርሃን ሲያበሩበት በቅንጣቱና በመስተዋቱ መካከል ይጨመቃል፤ የሚታየውም ቀለም በክፍተቱ ጥበት ይወሰናል። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ በመስተዋቱ ገጽ ላይ ሲሰዱ፣ ልባሱ እየተጫነና እየተለቀቀ ቅንጣቱን ያወዛውዘዋል፤ የብርሃኑም ቀለምና ድምቀት በአንድ ሴኮንድ ወደ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይለዋወጣል።

እኛን ከፍጥነቱ ይልቅ ያስደነቀን የክፍተቱ ምርጫ ነው። በገና ደርዳሪ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ያለችውን ቁራጭ ቆዳ በጥቂቱ ሲያስጠጋና ሲያርቅ የድምፁ ጠባይ ሁሉ እንደሚለወጥ በየቤታችን እናውቃለን። እነዚህም ሰዎች ድምፁን ለማበርታት አልደከሙም፤ ጥቂቷ እንቅስቃሴ ብዙ የምትሠራበትን ጠባብ ስፍራ ፈለጉ እንጂ።

ከዚህ ሥራ ጥልቀት ያለው ሥዕል የሚያሳዩ ቀላል መነጽሮችና መልእክትን በብርሃን የሚያደርሱ ፈጣን መሣሪያዎች ይገኛሉ ተብሎ ይጠበቃል። ነገሩ ግን ገና ከቤተ ሙከራ አልወጣም፤ ለልጆቹ መነጽር ሊገዛ የሄደ የቤት አባወራ፣ ይህስ በድምፅ የሚታዘዝ ነው የሚል ነጋዴ ቢገጥመው፣ ገንዘቡን ለመቁጠር አይቸኩል።