ለመርፌው መድኑ ይከፍላል፤ ሳይንሱስ ምን ይላል?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ «መንትያ ከተሞች» በሚባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በድባቴ ወይም በጭንቀት ሲሠቃይ የሕዝብ የጤና መድኑ ከሐኪም ምክርና ከመድኃኒት ሌላ ለአኩፓንክቸርም ሊከፍልለት ይችላል። ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመጣው ይህ በቀጫጭን መርፌዎች የሚሰጥ አገልግሎት ሜዲካል አሲስታንስ በተባለው የግዛቲቱ የሜዲኬይድ መርሐ ግብር ተፈቅዷል። የተፈቀደውም ለሥር ሰደድ ሕመም ብቻ አይደለም፤ ለድባቴ፣ ለጭንቀት፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚከተል የአእምሮ ሕመም፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ሲጋራ ለማቆም ጭምር ነው።

የአረጋውያን መድን የሆነው የፌዴራሉ ሜዲኬር ግን ለዚሁ መርፌ የሚከፍለው ለቆየ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው። ክፍያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን በ90 ቀናት ውስጥ 12 ጊዜ፣ መሻሻል ከታየ ደግሞ በዓመት እስከ 20 ጊዜ ይፈቅዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ የሕዝብ መድን ለአእምሮ ሕመም የሚከፍልበትን መርፌ ሌላው ለጀርባ ብቻ ይከፍልበታል። ታዲያ አንድ ሕክምና በመድን መሸፈኑ ስለ ፈዋሽነቱ ምን ይነግረናል?

የሱስ ሕክምና ቀደምት ግዛት

ሚኒሶታ በሱስ ሕክምና ታሪክ ትልቅ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ1949 ከመንትያ ከተሞች በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሴንተር ሲቲ በተባለች ትንሽ ከተማ የሄዘልደን ማገገሚያ ተመሠረተ። በ1950ዎቹ ደግሞ በዊልማር የመንግሥት ሆስፒታል የተጀመረው አሠራር ከሄዘልደን ልምድ ጋር ተዋሕዶ «የሚኒሶታ ሞዴል» የሚል ስያሜ አገኘ። ሞዴሉ ሱስን እንደ በሽታ ይመለከታል፤ ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ የሃይማኖት አባቱንና ራሱ ከሱስ ያገገመውን ሰው በአንድ ቡድን ያሰልፋል። የሕክምና ትምህርት የሌለው ያገገመ ሰው በሕክምና ቡድን ውስጥ መቆሙ በዘመኑ እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን የምስክር ወረቀት ያላቸው «የማገገም አጋሮች» በሚኒሶታ ሜዲኬይድ የሚከፈልላቸው ባለሙያዎች ናቸው። የትናንቱ አማራጭ የዛሬው መደበኛ ሆኗል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀው የአሜሪካ የመድን እኩልነት ሕግም የሚኒሶታ አሻራ አለበት። ሕጉ በ2002 በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ባለፈው የግዛቲቱ ሴናተር ፖል ዌልስቶንና በኒው ሜክሲኮው ሴናተር ፒት ዶሜኒቺ ስም ይጠራል። በተወካዮች ምክር ቤት ከተሟገቱለት አንዱ፣ ከአልኮል ሱስ ያገገሙት የሚኒሶታው ጂም ራምስታድ ነበሩ። ሕጉ ለአእምሮ ሕመምና ለሱስ ሽፋን የሚሰጥ መድን ከአካላዊ ሕመም የጠበቀ ገደብ እንዳይጥል ይከለክላል። የትኛው ዓይነት ሕክምና መከፈል እንዳለበት ግን ዘርዝሮ አያስገድድም። ለአማራጭ ሕክምናዎች ክርክሩ ክፍት የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የክፍያው በር

የመድን በር በሦስት ቁልፎች ይከፈታል፦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ፣ የታወቀ የክፍያ መለያ ቁጥርና በዝርዝር የተፈቀደ ሕመም። አኩፓንክቸር በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ1995 የሙያ ፈቃድ ሕግ ወጣለት። የሜዲኬይድ ሕጉም የሚከፍለው መርፌውን የሰጠው ፈቃድ ያለው የአኩፓንክቸር ባለሙያ፣ ወይም በዚሁ የሠለጠነና የሙያ ፈቃዱ የሚፈቅድለት ሌላ ባለሙያ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ ውጪ ያሉት ሕክምናዎች ዕጣ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ የሙያ ፈቃድ የሌላቸው የአማራጭ ሕክምና ሰጪዎች በግልጽ በተቀመጡ ገደቦች ውስጥ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ሕክምና ሰጪዎቹ ለደንበኛው መብቶቹን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፤ የሐኪም ምርመራ ውጤት መስጠት አይችሉም። ሕጉ የመሥራት ነፃነት ሰጣቸው እንጂ ሜዲኬይድን የማስከፈል መብት አልሰጣቸውም።

መርፌው በምርምር ሚዛን

መርፌና ሱስ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ አንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ለቀዶ ሕክምና መርፌ የተደረገላቸው የኦፒየም ሱሰኞች የሱስ ማቋረጥ ስቃያቸው እንደ ቀለለላቸው አስተዋሉ። በዚያው አሥርት በኒው ዮርክ ብሮንክስ የሚገኘው ሊንከን ሆስፒታል በጆሮ ላይ አምስት ነጥቦችን የሚነካ ሥርዓት አዳበረ፤ ሥርዓቱም በብዙ የማገገሚያ ማዕከሎች ተሰራጨ።

የምርምሩ ውጤት ግን ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በ82 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ተስፋ ሰጪ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ620 የኮኬይን ሱሰኞች ላይ የታተመው ሰፊ ጥናት ግን የጆሮ መርፌው ከማስመሰያ መርፌም ሆነ ከመዝናኛ ቪዲዮ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳየ። ስለ ድባቴ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 64 ጥናቶችንና 7,104 ተሳታፊዎችን መርምሯል፤ መጠነኛ ጥቅም ሊኖር እንደሚችል ቢያመለክትም የማስረጃውን ጥራት ዝቅተኛ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በ93 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከጦርነት በኋላ ለሚከተለው የአእምሮ ሕመም እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያው ይልቅ እንደ ረዳ ዘግቧል።

በአንጻሩ ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች በሄሮይንና በፌንታኒል ዓይነት ሱስ የተያዙ ሰዎችን የሞት አደጋ፣ በሕክምናው እስከ ቆዩ ድረስ፣ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንሱ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። ሜዲኬይድም ይከፍልባቸዋል። ስለዚህ መርፌው ከመድኃኒቱ ጋር ሲሰጥ ምቾትና እፎይታ ሊጨምር ይችላል፤ መድኃኒቱን ተክቶ ሲገባ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጠበልና ክኒን ጎን ለጎን

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም የጠበል ቦታ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ ሕሙማኑ ጠበሉን ሳይተዉ መድኃኒትም እንዲወስዱ ያደረጉበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2021 በሕክምና መጽሔት ተገልጿል። በጋናና በናይጄሪያ በ307 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናትም የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ሲሠሩ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አረጋግጧል።

ባህላዊ ፈውስ ወደ አሜሪካ የሕዝብ መድንም እየገባ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን ባህላዊ ፈውስ ሜዲኬይድ እንዲከፍልበት ለአሪዞና፣ ለካሊፎርኒያ፣ ለኒው ሜክሲኮና ለኦሪጎን ፈቀደ። ብዙ ቀደምት ሕዝቦች የሚኖሩባት ሚኒሶታ ከአራቱ መካከል አልነበረችም። ጸሎትና ጠበል የክፍያ መለያ ቁጥር የላቸውም፤ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ሊነግራቸው ግን ይገባል። ቋንቋ ከገደበውም በሜዲኬይድ ያለ ታካሚ አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው።

በጀቱ ሲጠብ

በመንትያ ከተሞች አሁን የሚያሳስበው ማን በመድኑ ውስጥ ይቆያል የሚለውም ነው። ሚኒሶታኬር የተባለው የግዛቲቱ መድን እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የመኖሪያ ሰነድ ለሌላቸው ስደተኞች ቢከፈትም፣ ለአዋቂዎቹ በዚያው ዓመት ማብቂያ ተዘግቷል፤ የቀጠለው ለልጆች ብቻ ነው። በ2025 መጸው ደግሞ ግዛቲቱ ለማጭበርበር የተጋለጡ ናቸው ባለቻቸው 14 የሜዲኬይድ አገልግሎቶች ላይ ከክፍያ በፊት ምርመራ እንዲደረግ አዘዘች። የማገገም አጋሮች አገልግሎት ከእነዚህ አንዱ ነው።

መድን ላለው ሰው መንገዱ ከቀድሞው አጥሯል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ወዲህ የሱስ ሕክምና ፈላጊ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ መረጠው ማዕከል ሄዶ መመርመር ይችላል። አማራጭ ሕክምና የሚሻም ከቀጠሮው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል፦ ባለሙያው የግዛቲቱ ፈቃድ አለው? መድኑ ለዚህ ሕመም ይከፍላል? ቅድመ ፈቃድስ ያስፈልጋል? አራተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለሐኪሙ ነው፦ ይህ ሕክምና ከምወስደው መድኃኒት ጋር ይስማማል? የመድኑ ደብዳቤ ሒሳቡ እንደሚከፈል ብቻ ያረጋግጣል፤ ስለ ፈውሱ መመስከር ያለበት ምርምሩ ነው።